ቱቦውን ማን ያድሳል? የተላላፊ በሽታ ላብራቶሪ ሲታቀድ



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የሚያነሳው ርዕስ ለሕክምናና ለባዮሎጂ ተማሪዎች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ተላላፊ በሽታ የሚጠናበት ላብራቶሪ እንዴት ይታቀዳል የሚል ነው። ጠጋ ብለን ስናየው ግን አብዛኛው ሥራ የእኛው የምህንድስና ተማሪዎች ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለ ላብራቶሪ ደህንነት ሲወራ ቶሎ የሚታየን ነጭ ጋዋን፣ ጓንትና ማስክ ነው። እነዚህ ሠራተኛው በገዛ አካሉ ላይ የሚለብሳቸው የመጨረሻዎቹ መከላከያዎች ናቸው። ከእነሱ አስቀድሞ ግድግዳው፣ አየሩ፣ የፍሳሽ ቱቦውና መብራቱ አለ። እነዚህን የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጀርሙን በማይክሮስኮፕ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው፤ ስዕሉን የሚሠራው መሐንዲስ።

ስለዚህ ትምህርቱን ከጀርሙ ሳይሆን ከቱቦው እንጀምር።

እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ፒርብራይት የምትባል መንደር አለች። እዚያ በአንድ ግቢ ውስጥ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ተቋምና ሜሪያል የሚባል ክትባት አምራች ኩባንያ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ሁለቱም የአፍተግር ቫይረስ ይይዛሉ። አፍተግርን ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። የከብቱ አፍና ሰኮና ይቆስላል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ መብላትም መሄድም ያቅተዋል። ለሰው እምብዛም አያሰጋም፤ ከከብት ወደ ከብት ሲተላለፍ ግን የሚያቆመው የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ በገባ ጊዜ በሽታውን ለማጥፋት ሲባል ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲገደሉ ተደርጓል።

ኦገስት 3 ቀን 2007 ከዚያ ግቢ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ አንድ እርሻ ላይ አፍተግር መከሰቱ ተረጋገጠ። ቫይረሱ ሲመረመር በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሚዘዋወሩት ዝርያዎች አንዱ ሆኖ አልተገኘም። በ1967 በዚያው በእንግሊዝ ከተነሣ ወረርሽኝ የተወሰደና ለምርምርና ለክትባት ሥራ በላብራቶሪ የሚቀመጥ ዝርያ ነበር። ስለዚህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገም። የቀረው ጥያቄ እንዴት ወጣ የሚለው ነው።

መርማሪዎቹ በአየር ማጣሪያው በኩል ወጥቷል የሚለውን ግምት መዝነው አልተቀበሉትም። ዓይናቸው ያረፈው መሬት ውስጥ ነበር። ከክትባት ማምረቻው የሚወጣው ፍሳሽ በሕንፃው ውስጥ መጀመሪያ በአሲድ ይታከማል። ይህ ግን ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ አይገድለውም። ከዚያ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ተጉዞ፣ የግቢው የጋራ ማከሚያ ጋ ሲደርስ በኮስቲክ ሶዳ ይጨረሳል። ማለትም በሁለቱ ማከሚያዎች መካከል ያለው ቱቦ ሕያው ቫይረስ ይሸከማል ማለት ነው። ያ ቱቦ አርጅቷል። አንዳንድ ቦታ ተሰንጥቋል፣ የዛፍ ሥር ገብቶበታል፤ ማንሆሎቹም በደንብ የታሸጉ አልነበሩም። በዚያ ክረምት ከባድ ዝናብ ጣለ። በግቢው ውስጥ የግንባታ ሥራ ስለነበረ መሬቱ ይቆፈራል፣ ተሽከርካሪ ይመላለሳል። የበለጠ አሳማኝ ሆኖ የተገኘው መንገድ ይህ ነው፦ ቫይረሱ ከቱቦው ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ተሽከርካሪው ጎማ፣ ከጎማው በእርሻው አጠገብ ወደሚያልፈው መንገድ።

ወረርሽኙ እስከ ሴፕቴምበር 8 እርሻዎችን አዳርሶ ቆመ። በመላ አገሪቱ የከብት ዝውውር ታገደ፤ የሥጋና የከብት ወጪ ንግድ ተቋረጠ።

እኛን ከሁሉ በላይ ያስቆመን ግን ሌላ ነገር ነው። ቱቦው መታደስ እንዳለበት የተነገረው ከአደጋው በኋላ አልነበረም። አስቀድሞ ለዓመታት ይታወቅ ነበር። ሥራው የዘገየው ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ንግግር ነው። ቱቦው የተቋሙ ነው፤ በብዛት የሚጠቀምበት ኩባንያው ነው፤ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ራሱ የላብራቶሪው ደንበኛና ገንዘብ ሰጪ ነበር። ሁሉም የራሱን ክፍል በሚገባ ይጠብቃል፤ በመካከል ያለውን ግን ማንም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው አላለም።

ይህን ስናነብ ከመድረሳ ጋር የሚያገናኘን አንድ ሰው ትዝ አለን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቱኒስ ውስጥ ኢብኑ ረሚ የሚባል ግንበኛ ነበር። ግንበኛም የሕግ ዐዋቂም ነበር። ስለ ግንባታ ድንጋጌዎች በማሊኪ መዝሀብ መሠረት አንድ ኪታብ ጽፏል። ውስጡ ያለው የጎረቤት ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸት፣ የጋራ ግድግዳና ፍሳሽ ነው። የጋራ ፍሳሽ ማውረጃን ማን ያጽዳ፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄም አለበት። ጉዳትን ማስወገድ ጥቅም ከማምጣት ይቀድማል የሚለውን የፊቅህ መርህ ስንቀራ ብዙዎቻችን ስለ ቧንቧ እንዳላሰብን እርግጠኛ ነን። ያ ግንበኛ ግን አስቦበታል። ፒርብራይት ላይ የጠፋው ሳይንስ አይደለም፤ የዚያ ግንበኛ ጥያቄ በጊዜው መልስ ማጣቱ ነው።

ለስዕል ሥራችን ከዚህ የምንወስደው አንድ ልማድ አለ። የላብራቶሪ ፕላን ሲሰጠን በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር እናስምር። መስመሩ የሕንፃውን ግድግዳ መከተል የለበትም። ጀርሙ በእርግጥ የሚሞትበትን ቦታ ሁሉ ይከተል። ፍሳሹ ከ80 ሜትር በኋላ የሚታከም ከሆነ ያ 80 ሜትር ቱቦ የላብራቶሪው ክፍል ነው፤ ውጭ ያለ ቧንቧ አይደለም። ስለዚህ ድርብ ቱቦ ያስፈልገዋል ወይም ማከሚያውን ወደ ሕንፃው ማስጠጋት ይሻላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስለ ወረርሽኝ የተላለፈው ሐዲስ መግባትንም መውጣትንም እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ወሰን በሁለቱም በኩል ነው የሚጠበቀው፤ የላብራቶሪም ወሰን እንዲሁ ነው።

ስለ አየር ደግሞ ሁለት ታሪኮችን አጠር አድርገን እናንሳ።

በኤፕሪል 1979 በሶቪየት ኅብረት ስቨርድሎቭስክ (ዛሬ የካተሪንበርግ) ከነበረ ወታደራዊ ተቋም የአባ ሰንጋ ስፖር በአየር ወጣ። ቢያንስ 66 ሰዎች ሞቱ። የታመሙት ሰዎች ቤትና የሥራ ቦታ በካርታ ላይ ሲነጠብ ከተቋሙ ተነሥቶ በነፋሱ አቅጣጫ የተዘረጋ ጠባብ መስመር ሠራ። መንግሥት ለዓመታት የተበከለ ሥጋ ነው ሲል ቆየ፤ በ1992 የልትሲን ምክንያቱ ወታደራዊ ሥራው መሆኑን አመኑ። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ካን አሊቤክ እንደተረከው የተዘጋ ማጣሪያ ከማድረቂያ ማሽኑ ተነሥቶ ነበር። ያነሣው ሠራተኛ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ትቷል፤ በዋናው የሥራ መዝገብ ላይ ግን አልሰፈረም። ቀጣዩ ፈረቃ መዝገቡን አይቶ ማሽኑን አስነሣ። ያ ቦታ የጦር መሣሪያ ይሠራበት ስለነበር ከሆስፒታል ላብራቶሪ ጋር አናወዳድረውም። ማጣሪያው ግን ያው ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ሳይኖር ማሽኑ እንዳይነሣ የሚያደርግ አንድ ማብሪያ በዲዛይኑ ቢገባ ኖሮ መዝገብ ላይ የሚታመን ነገር ባልነበረ።

ሁለተኛው ከእኛ አካባቢ ጋር ይገናኛል። በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ በሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው፤ ኦክቶበር 1977። አገገመ። ዓለም እፎይ ባለ በዓመቱ፣ በ1978 ክረምት፣ በእንግሊዝ በርሚንግሃም የሕክምና ፎቶግራፍ አንሺ የነበረችው ጃኔት ፓርከር በፈንጣጣ ታመመች፤ ሴፕቴምበር 11 ሞተች። የሥራ ክፍሏ ከፈንጣጣ ላብራቶሪው በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሄንሪ ቤድሰን እሷ ከመሞቷ በፊት የራሱን ሕይወት አጠፋ። የመንግሥት መርማሪዎች ቫይረሱ በአየር መውረጃ ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ ይሆናል አሉ፤ ፍርድ ቤት ግን ይህ አልተረጋገጠም ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ነጻ አወጣ። በምን መንገድ እንደደረሰባት እስከ ዛሬ ቁርጡ አልታወቀም። ለአቃጅ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ከላይ፣ ከታችና ከጎን ማን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ፣ አየሩ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ ሳይለካ ላብራቶሪ በቢሮዎች መካከል ከተተከለ፣ በኋላ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ እንዳይመስለን። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረሃብ ያስከተለው የከብት ደስታ በሽታ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። ቫይረሱን ግን በተፈቀደላቸው ጥቂት ተቋማት ውስጥ ዛሬም ይዘውታል። ከእነሱ አንዱ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ። የቲቢ ካልቸር የሚሠሩ ላብራቶሪዎችም በአገራችን አሉ፤ ነገም ይጨምራሉ። ስዕላቸውን የሚሠራው፣ ርክክባቸውን የሚፈርመው ከእኛው መካከል ነው።

እንግዲህ ዕቅድ ከየት ይጀምራል? ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ «ስንተኛ ደረጃ ላብራቶሪ ይሁን?» የሚል ነው። ከ1 እስከ 4 የሚቆጠረውን የባዮሴፍቲ ደረጃ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው አራተኛው የላብራቶሪ ባዮሴፍቲ መመሪያ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ከአደጋ ግምገማ እንድንነሣ ይመክራል። ምን ጀርም? በምን መጠን? ምን ይደረግበታል? ማን ይሠራዋል? ቲቢን እንውሰድ። አክታ በስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ዝቅተኛ አደጋ ያለው ሥራ ነው። ጥሩ መስኮት ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ይበቃዋል። ያንኑ ባክቴሪያ በካልቸር አብዝቶ ለመድኃኒት ፍተሻ ማዘጋጀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠርሙስ ቢወድቅ ክፍሉ በሚተነፈስ ጀርም ይሞላል። ጀርሙ አንድ ነው፤ ሕንፃው ሁለት ዓይነት መሆን አለበት። በእኛ አስተያየት ከፍተኛ ደረጃ ሠርቶ ማስተዳደር ከማቃት፣ ልክ የሚሆነውን ሠርቶ በየዓመቱ ማስፈተሽ ይበልጣል። የቆመ ፋን ያለው ሦስተኛ ደረጃ ላብራቶሪ መስኮቱ ከማይከፈት ክፍል አይሻልም፤ እንዲያውም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ይተማመንበታል።

ካልቸር በሚሠራበት ክፍል አየር ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ብቻ እንዲሄድ ይፈለጋል፦ ከኮሪደር ወደ መግቢያ ክፍል፣ ከመግቢያው ወደ ሥራ ክፍል፣ ከዚያ በማጣሪያ ወደ ውጭ። ለቲቢ ላብራቶሪ የተለመደው መጠን የክፍሉን አየር በሰዓት ከ6 እስከ 12 ጊዜ መለወጥ ነው። አደገኛው ሥራ የሚሠራው ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ነው። ክላስ 2 የሚባለው ካቢኔት በፊቱ በኩል አየር ወደ ውስጥ የሚስበው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ሰው በኮሪደር ሲራመድ በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ካቢኔቱ በበሩ አጠገብ፣ በመተላለፊያ ወይም ከኤሲ ሥር ከተቀመጠ፣ ከኋላ ያለፈ ጓደኛ ብቻ የአየሩን መጋረጃ ይበጥሰዋል። ቦታው በስዕሉ ላይ መወሰን አለበት፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ «የት ይመቻል» ተብሎ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ እንዳንረሳ፦ ንጹሕ አየር ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፍስ «ክሊን ቤንች» የሚባል ዕቃ አለ፤ መልኩ ከካቢኔቱ ጋር ይመሳሰላል። የሚጠብቀው ናሙናውን ነው፤ ሠራተኛውን አይደለም። በጨረታ ሰነድ ላይ ሁለቱ ከተምታቱ የሚታመመው ቴክኒሻኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ከፍታ እንምጣ፤ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ ብዙም አይነሣምና። ኦቶክሌቭ ቆሻሻን ለማምከን 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። በዚያ ሙቀት ንጹሕ እንፋሎት ፍጹም ግፊቱ 205 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ስለሆነ ጌጁ 104 ገደማ ሲያሳይ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው። መመሪያውም የተጻፈው ለዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የከባቢ አየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ጌጁ 104 ሲያሳይ ፍጹም ግፊቱ 181 ብቻ ይሆናል፤ ይህም 117 ዲግሪ ያህል ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 128 አካባቢ ማሳየት አለበት። 4 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። በስተራላይዜሽን ስሌት የተለመደውን ግምት (10 ዲግሪ ሲቀንስ ጊዜው አሥር እጥፍ ይሆናል) ብንወስድ፣ ያንኑ ውጤት ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። የሙቀት መለኪያ ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በግፊት ጌጅ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ግን አያስተካክልም፤ ድሬዳዋ የሠራው ቁጥርም አዲስ አበባ አይሠራም። በየጊዜው ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር አብሮ አስገብቶ መሞቱን ማየት ነው ዋስትናው።

ቀጭኑ አየር ፋኑንና ጄኔሬተሩንም ይነካል። የአየራችን እፍግታ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ ፋን ከካታሎግ ሲመረጥ እርማት ይፈልጋል፤ የናፍጣ ጄኔሬተርም በከፍታ ላይ የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም። መብራት በሄደ ጊዜ ምን እንደሚሆን ደግሞ በስዕል ላይ መልስ ይኑረው። አየር ማስወጫው ቆሞ ማስገቢያው ከቀጠለ ክፍሉ ይነፋና የተበከለው አየር ወደ ኮሪደር ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ፋኖች እንዲያያዙ ይደረጋል፤ ማስወጫው ሲቆም ማስገቢያው በራሱ ይቆማል። ካቢኔቱ በዩፒኤስ ላይ ቢሆን ሠራተኛው ጠርሙሱን ከድኖ ለመውጣት ደቂቃዎች ያገኛል።

ስለ ሰዎቹም ጥቂት እንበል። የእጅ መታጠቢያ በመውጫው በር አጠገብ ይሁን፤ የጋዋን መስቀያም እዚያው። በላብ ጋዋን ወደ መስጂድ የምትመጡ ወንድሞች ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ሱጁድ የሚደረግበት ምንጣፍ ላይ ጋዋኑ ምን እንደሚያራግፍ አይታወቅም። የላብራቶሪ ሲንክ ላይ ውዱእ ማድረግም አይገባም። ለእህቶቻችን የተለየ መልበሻ ክፍል ገና በዕቅዱ ላይ መጠየቅ አለበት። ሒጃቡ ከጋዋኑ ሥር ገብቶ እንዲታሰር ቦታና መስታወት ካልተሰጠ፣ በኋላ በኮሪደር ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ይሆናል። የጽዳት ሠራተኞችን መንገድም እንከተል። ቆሻሻው ከካቢኔት እስከ ኦቶክሌቭ በማን እጅ፣ በየትኛው በር ያልፋል? ስለ ቫይረሱ ምንም ያልተነገራት እናት ከረጢቱን ተሸክማ በምግብ ቤቱ በኩል የምታልፍ ከሆነ ስዕሉ ገና አላለቀም።

በመጨረሻም ገንዘቡ። ላብራቶሪ ሲገነባ ሕንፃው በጀት አለው፤ ዕቃው ለጋሽ አለው። ማጣሪያ መቀየሪያ፣ ካቢኔት ማስፈተሻ፣ መለዋወጫና የቱቦ ፍተሻ ግን ብዙ ጊዜ በማንም መዝገብ ላይ የሉም። በመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክታችሁ የጤና ሕንፃ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከስዕሉ ጋር አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አያይዙ፦ እያንዳንዱ ማጣሪያ፣ ፋን፣ ቱቦና ማንሆል፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ በየስንት ጊዜ ይፈተሻል፣ ወጪው ከየትኛው በጀት ይወጣል። ባለቤት ያልተገኘለትን መስመር ባዶ ተዉት፤ አስተካክላችሁ አትሙሉት። አማካሪ መምህራችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስለዚያ ባዶ መስመር ይሆናል።

የኦቶክሌቩን ስሌት በተለያዩ ከተሞች ከፍታ የሠራንበት ወረቀት አለን፤ የምትፈልጉ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ በጀመዓው የጥናት ክፍል ታገኙናላችሁ፣ ኢንሻአላህ።